ስልኩን ከእናታችሁ እጅ አትንጠቁ

በሐዋሳ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? የቅዳሜ ጠዋታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የጋበዙኝ መምህራን ስለ ልጆችና ስለ ስልክ እንድናገር ጠይቀውኛል። እናገራለሁ፤ ግን ባጭሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ፊት ጨርሶ እንዳይቀመጥ ይመክራል። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ ይናገራል። ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ስልክ የምንሰጥ ሁሉ ይህን እናስብበት። ስለ ልጆች ብዙ ይወራል። እኔ ዛሬ መናገር የምፈልገው ብዙ ስለማይወራለት ሰው ነው። ስልክ እያለው ስልኩ ላይ ስለማያዝ ሰው። ስለ እናት፣ ስለ አያት፣ አንዳንዴም ስለ አባት።

ሥራዬ የሞባይል ጥገና ነው። እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ባትሪ እቀይራለሁ፣ ቻርጅ እምቢ ያለውን አያለሁ። ግን የሚመጣው ሰው ሁሉ ስልኩ ተበላሽቶበት አይደለም። እናቶች ስልካቸውን በመሀረብ ጠቅልለው ይመጣሉ። ቀስ ብለው ይፈቱትና «ልጄ፣ ይሄ ነገር እምቢ አለኝ» ይሉኛል። ሳየው ስልኩ ደህና ነው። ኤሮፕሌን ሞድ ተነክቶ ነው። ወይ ድምፁ ተዘግቶ ነው። ከዚያ ሽፋኑን ሳወልቅ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ዱብ ትላለች። የደብተር ቅዳጅ ናት። በልጅ የእጅ ጽሑፍ ስድስት ቁጥሮች ተጽፈውባታል። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥራቸው ነው።

«እማማ፣ ይሄን ለምን እዚህ አስቀመጡት?» እላለሁ።

«እኔማ አላውቅበትም። ባለሱቁ ሲልክልኝ እንዲያየው ነው» ይላሉ።

ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ሚስጥር ቁጥርን ለሰው ማሳየት ቦርሳን ከፍቶ ለመንገደኛ ማስያዝ ነው። ያቺን ወረቀት የጻፈው ልጅ ግን ክፉ አላሰበም። እናቱን ይወዳል። እናቱ ብር ልትልክ ስትታገል አያትና «አምጪ፣ እኔ ላድርገው» ይላል። ቀማ ያደርግና ጣቱን ያሯሩጠዋል። አለቀ። «ተባረክ» ትለዋለች። ምን እንደነካ ግን አላየችም። በሚቀጥለውም ጊዜ እንደዚያው። አንድ ቀን ልጁ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ጎንደር ይመደባል፣ ጅማ ይመደባል። እናት ስልኩን ይዛ ትቀራለች። ያኔ ባለሱቁ ይጠራል፣ የባጃጁ ልጅ ይጠራል፣ ጎረቤት ይጠራል።

ድሮ ቢሆን ይሁን ግድ የለም እንል ነበር። ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዓመት ሥራው ደውሎ ሀሎ ማለት ነበር። ቴሌብር የመጣው በግንቦት 2013 ነው። ዛሬ መብራት በስልክ ይከፈላል። ቤንዚን በስልክ ይከፈላል። ከአረብ አገር ልጅ የላከችው ብርም ስልክ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስልኩን የማያውቅ ሰው ገንዘቡንም በሰው እጅ ነው የሚያየው።

አጭበርባሪዎች ይህን ከእኛ ቀድመው አውቀዋል። አንዱን ዘዴ ልንገራችሁ። እናት ስልክ ላይ «ይህን ያህል ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ይመጣል። ወዲያው ስልክ ይደወላል። «እናቴ፣ በስህተት እርስዎ ጋ ላኩት። ለታመመ ሰው ነበር፤ እባክዎ ይመልሱልኝ» ይላል፤ ድምፁ ያሳዝናል። እናት ደንግጣ ትልካለች። የሰው ገንዘብ አልበላም ብላ ነው የምትልከው። በኋላ ሲታይ ምንም የገባ ብር የለም። መልእክቱን የጻፈው ራሱ ደዋዩ ነው። ትክክለኛው የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ያኛው የመጣው ከተራ የሞባይል ቁጥር ነው።

እናት ቀሪ ሂሳቧን ራሷ ማየት ብትችል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ስለዚህ ተማሪዎች፣ መጀመሪያ የምታስተምሩት ይህንን ነው። ብር መላክ ይቆይ። ቀሪ ሂሳብ ማየትን አስተምሩ። ቁልፍ ስልክ ከሆነ *127# ብላ ትግባ። ሰው በስህተት ላክሁ ቢላት «127 ደውለህ አመልክት» ብላ ስልኩን ትዝጋው። ነውር የለበትም።

እንዴት እናስተምር? ስልኩ ከእሷ እጅ አይውጣ። ይሄ ዋናው ነው። እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉና በአፋችሁ ብቻ ንገሯት። ጣቷ ይዘግያል፤ ይዘግይ። ትሳሳታለች፤ ትሳሳት። ቀድማችሁ ፊደሉን ትልቅ አድርጉላት። ስልኩን ወደ አማርኛ ቀይሩላት። አምስት ብር ለእናንተ ትላክ፣ እናንተም መልሱላት፣ ነገም ድገሙት። «ስንቴ ልንገርሽ» የምትል ቃል ግን ከአፋችሁ እንዳትወጣ። አንዴ ከወጣች እናት ሁለተኛ አትጠይቃችሁም። ሄዳ ባለሱቁን ነው የምትጠይቀው።

«አያቴ ማንበብ አትችልም» የምትሉ አላችሁ። ቁጥር ግን ታውቃለች። ገበያ ላይ በሂሳብ ማን ይችላታል? የልጆቿን ስም በፎቶ አድርጉላት። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ማይኩን ተጭና በድምፅ ታውራ።

ወላጆች፣ እናንተም አትፈሩ። ስልክ ስለተነካካ አይበላሽም። ልጃችሁ «ስጡኝ» ሲል «ቆይ፣ እኔ ልንካው፣ አንተ አሳየኝ» በሉት። እንዲህ ማለት መብታችሁ ነው።

ከዚህ በኋላ ሻይ አለ። ከሻዩ በፊት ግን አንድ ነገር አብረን እንሠራለን። የሰው ቴሌግራም ጠልፈው በስሙ «ብር አበድሩኝ» የሚሉ እንዳሉ ሰምታችኋል። የሚጠልፉት ብዙ ጊዜ የመግቢያውን ኮድ አታልለው ተቀብለው ነው። ያንን ኮድ ለማንም አትስጡ፤ ለዘመድም ቢሆን። ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል እንጨምርበታለን። ቴሌግራምን ክፈቱና የራሱ ሴቲንግ ውስጥ ግቡ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ንኩ፣ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ክፈቱ። ዲቫይስስ የሚለውንም እዩት፤ የማታውቁት ስልክ ከተዘረዘረ አስወጡት።

ተማሪዎች፣ ከእናት ከአባታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። ስልኩን የሚይዙት እነሱ ናቸው። እኔ እየዞርኩ አያለሁ፤ የተቸገረ እጁን ያውጣ። አመሰግናለሁ።