«ከድሬስ እቀበላለሁ»

እንደምን ዋላችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ በዚህ ዝናብ ባቡር ቀይራችሁ እስከ ዴን ሃግ ድረስ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ጡረታ ተናገሪ ተብዬ ነው የተጋበዝኩት። እኔ ግን ከፎርሙ በፊት ስለ አንድ ሰው ላውራችሁ። ቪለም ድሬስ ይባላሉ፣ የኔዘርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ናቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ የምንሞላው ወረቀትም እንደዚያው ስለሆነ።

ነገሩን የጀመረችው አክስቴ ናት። ጡረታ የምትወጣበት ጊዜ ሲቃረብ ጡረታ ከሚከፍለው መሥሪያ ቤት፣ ከኤስፌቤ፣ ደብዳቤ መጣላት። ሳትከፍተው ከቴሌቪዥኑ ዳንቴል ሥር ሸጎጠችው። ሦስት ሳምንት እዚያው ከረመ። አንድ እሁድ ቡና ልጠጣ ሄጄ ዳንቴሉ ወደ ላይ ተነስቶ አየሁትና ፖስታውን ጎትቼ አወጣሁት። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ ጡረታሽ ነው» ስላት፣ «ተይው ልጄ፣ በእርጅናዬ የሰው እጅ አላይም» አለችኝ። ይህቺ ሴት ሃያ ዓመት ሙሉ በሌሊት ቢሮ ስታጸዳ የኖረች ናት። ከደሞዟ መዋጮ ሲቆረጥ ኖሯል። የሰው እጅ የምታይ መሰላት።

ያን ቀን ማታ ስለ ድሬስ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉት ይህንኑ ነገር ነው፣ ሽማግሌ የሰው እጅ እንዳያይ።

ድሬስ የተወለዱት በ1886 አምስተርዳም ነው። አባታቸው ሲሞቱ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። አባወራ የሌለው ቤት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ እሱን እኔ አላስረዳችሁም። አደጉ፣ ባንክ ቤት ተቀጠሩ፣ በ1904 የሶሻል ዴሞክራቶቹን ፓርቲ ተቀላቀሉ። ከዚያ ደግሞ የፓርላማ ስቴኖግራፈር ሆኑ። ማለትም ተናጋሪው የሚለውን ሁሉ በፈጣን ምልክት እየጻፉ የሚይዙ ሰው። ከ1907 እስከ 1919 ድረስ፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣ እርሳስ ይዘው ሌላው ሲናገር ሲጽፉ ኖሩ። እኔ በሕይወታቸው ውስጥ በጣም የምወደው ይህንን ነው። ፖለቲከኛ ብዙ ይናገራል፣ እሳቸው ግን መጀመሪያ ያዳምጡ ነበር፣ ያውም አንዲት ቃል ሳያመልጣቸው።

እዚሁ ዴን ሃግ በከተማው ምክር ቤት ከ1913 ጀምሮ ተመረጡ፣ በ1919 ደግሞ የከተማዋን ማኅበራዊ ጉዳይ በኃላፊነት ያዙ። ያኔ የአንድ ድሃ ሽማግሌ ዕጣ ምን ነበር? ልጅ ካለው ልጁ ጋ ይጠጋል። ከሌለው የቤተ ክርስቲያን ወይም የማዘጋጃ ቤት የድሆች መረዳጃ በር ያንኳኳል። ድሬስ ያንን በር ከውስጥ ሆነው አዩት። ዕድሜ ልኩን የሠራ ሰው ለዳቦ መለመን የለበትም የሚለው ነገር እንደ ዋዛ የያዙት ሐሳብ አልነበረም።

ጦርነት መጣ። ጀርመኖች በጥቅምት 1940 ከሌሎች ታዋቂ ሰዎች ጋር እንደ መያዣ ወስደው ቡኸንቫልድ በሚባለው የናዚ እስር ካምፕ አሰሯቸው። አንድ ዓመት ቆይተው ተፈቱ፣ ሲመለሱ ግን አርፈው አልተቀመጡም፣ በድብቅ የተቃውሞ ሥራ ውስጥ ገቡ።

ጦርነቱ ሲያበቃ የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። አገሩ ፈራርሷል፣ ቤት የለም፣ ምግብ በራሽን ነው። አሁን ጊዜው አይደለም ማለት በጣም ቀላል ነበር። እሳቸው ግን በ1947 ለአረጋውያን የሚከፈል ገንዘብ በአስቸኳይ ሕግ አወጡ። ዕድሜያቸው 65 የሞላ ችግረኞች በየወሩ ገንዘብ መቀበል ጀመሩ። ሕዝቡ ታዲያ የሕጉን ረጅም ስም አልጠራውም። «ከድሬስ እቀበላለሁ» ነው ያለው። ሽማግሌዎቹ የምስጋና ደብዳቤ ይጽፉላቸው ነበር። አባባ ድሬስ ይሏቸው ጀመር።

በነሐሴ 1948 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፣ እስከ ታኅሣሥ 1958 ድረስ፣ አሥር ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቆዩ። በ1954 ጃንሆይ ኔዘርላንድን ሲጎበኙ የመንግሥቱ መሪ እሳቸው ነበሩ። በ1953 ክረምት ባሕሩ ግድቡን ጥሶ ዜላንድን ሲያጥለቀልቅና 1,836 ሰው ሲሞት አገሩን ይመሩ የነበሩትም እሳቸው ናቸው።

ቤታቸው ቤክላን በሚባለው መንገድ ቁጥር 502 ነበር፣ ከዚህ ሩቅ አይደለም። የተለየ ቤተ መንግሥት አልፈለጉም፣ ወደ ቢሮም በእግራቸው ነበር የሚሄዱት። ስለዚያ ቤት እዚህ አገር ደጋግሞ የሚወራ ታሪክ አለ። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ለአውሮፓ የሰጠችውን የማርሻል እርዳታ ይዘው የመጡ አሜሪካኖች ቤታቸው ሲጋበዙ ባለቤታቸው ሻይ ቀዱና ከሻዩ ጋር ማሪ ብስኩት አቀረቡ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ። እንግዶቹም ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲህ የሚኖርበት አገር ገንዘባችንን አያባክንም አሉ ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ ሕዝቡ ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ የሚያወራው ሰውየውን ስለሚመስል ነው። የእኛ እናቶች እንግዳ መጥቶ አንድ ብስኩት ቢያቀርቡ በሀፍረት መሬት ትዋጠኝ ይላሉ፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ያቺን ብስኩት ሳስብ የሕዝብ ገንዘብ ላይ እጅ መሰብሰብ ምን እንደሚመስል ይገባኛል።

ሰውየውን መልአክ አድርጌ አላቀርብላችሁም። በታኅሣሥ 1948 ነፃነቷን በጠየቀችው ቅኝ ግዛታቸው በኢንዶኔዥያ ላይ ሁለተኛው ወታደራዊ ዘመቻ የተካሄደው በእሳቸው መንግሥት ነው። ዓለም ሁሉ ተቃውሞ፣ አሜሪካም ተጭና፣ በ1949 መጨረሻ ነፃነቱን ፈርመው ሰጡ። በዚያ ጦርነት ለተፈጸመው ግፍ የኔዘርላንድ መንግሥት በ2022 ይቅርታ ጠይቋል። በ1951 ደግሞ ለደች ጦር ሲዋጉ የኖሩ፣ ከኢንዶኔዥያ የሞሉካ ደሴቶች የሆኑ ወታደሮችን ከነቤተሰቦቻቸው፣ 12,500 ያህል ሰው፣ ለጊዜው ነው ብለው አመጧቸው። ገና እንደደረሱ ከወታደርነት አሰናበቷቸው፣ የቀድሞ እስር ካምፕ ውስጥ አሰፈሯቸው። እኔም በስደተኛ ካምፕ ያለፍኩ ስለሆንኩ ይህንን ሳነብ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። የሽማግሌውን ክብር እንዲያ የተረዳ መንግሥት የእነዚህን ሰዎች ክብር አላየም።

ወደ ጡረታው ልመለስ። ዛሬ የምንቀበለው አኦቬ የሚባለው የመንግሥት ጡረታ ሥራ ላይ የዋለው ጥር 1 ቀን 1957 ነው። ሕጉን ያወጡት ሚኒስትር ኮ ሱርሆፍ ናቸው፣ ስሙ ግን ለድሬስ ቀረ። ልዩነቱን አስተውሉልኝ። የ1947ቱ ገቢ ታይቶ ለቸገረው ነበር። አኦቬ ግን ለሁሉም ነው። ለሀብታሙም፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም። የዛሬ ሠራተኛ መዋጮ ይከፍላል፣ ከዚያው ላይ ለዛሬ ሽማግሌ ይሰጣል፣ ነገ እሱ ሲያረጅ የነገው ሠራተኛ ይከፍልለታል። እድር ማለት አይደል? አክስቴን ያሳመንኳትም በዚሁ ነው። «እድርሽን ሃያ ዓመት ከፍለሽ፣ ተራሽ ሲደርስ አልቀበልም ትያለሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «መነጽሬን አምጪልኝ» አለችኝ።

እኛ ጋ ግን አንድ ችግር አለ። አኦቬ እዚህ በኖራችሁበት በእያንዳንዱ ዓመት 2 በመቶ ነው የሚጠራቀመው። ሙሉው 50 ዓመት ይፈልጋል። አክስቴ የመጣችው በ47 ዓመቷ ነው፣ በ67 ጡረታ ስትወጣ 20 ዓመት ሆናት፣ ስለዚህ የምታገኘው 40 በመቶ ነው። በዚያ ኪራይ ከፍሎ መኖር አይቻልም። ጎደሎውን የሚሞላ አይኦ የሚባል ክፍያ አለ፣ ገቢውና ንብረቱ አነስተኛ ለሆነ ሰው። እሱን የሚሰጠው ራሱ ኤስፌቤ ነው። ግን ካልጠየቃችሁ አይመጣም። ራሳችሁ ማመልከት አለባችሁ። ስንት እናት አሉ ይህን ሳያውቁ፣ ወይም እያወቁ አፍረው፣ ማሞቂያቸውን ዘግተው ጋቢ ተከናንበው ክረምቱን የሚገፉ!

ድሬስ በ1988 በ101 ዓመታቸው ዴን ሃግ አረፉ። አክስቴ ማመልከቻዋን ባለፈው ወር አስገባች፣ ፈቅዳልኝ ነው የማወራው፣ እዚሁ ከፊት ተቀምጣለች። እናንተም ሳትከፍቱት የቀረ ፖስታ በቦርሳችሁ ካለ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ ጋ ኑ። እስክሪብቶም ጊዜም አለኝ፣ አንድ በአንድ አብረን እናነበዋለን።