በጫንቃ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን

የተከበራችሁ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች፣ መምህራንና እንግዶች፤

በባርሴሎና ከተማ፣ በጥንቱ የመርከበኞችና የዓሣ አጥማጆች ሰፈር በሪቤራ፣ ሳንታ ማሪያ ዴል ማር የምትባል የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አለች። ስሟ «የባሕሯ ማርያም» ማለት ነው። ከዋናው በሯ ላይ ሁለት ትንንሽ የነሐስ ምስሎች ተለጥፈዋል፤ ሸክም ያጎበጣቸው ሰዎች ናቸው። ንግግሬን ከእነርሱ የጀመርኩት ያለ እነርሱ ይህች ቤተ ክርስቲያን ስለማትኖር ነው።

የወደቡ ተሸካሚዎች ነበሩ። የመርከብ ጭነት አውርደው ዕለት ጉርሳቸውን የሚያገኙት እነዚህ ሰዎች፣ ከሞንጁይክ ኮረብታ የተፈለጠውን ድንጋይ ለማርያም ብለው በጫንቃቸው አመጡት። ነጋዴውና ባለመርከቡም ገንዘቡን አዋጣ። የሥራው መጀመሪያ በግድግዳዋ ላይ ተቀርጿል፤ እ.ኤ.አ. በ1329 በመጋቢቱ የማርያም በዓል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 29 ቀን 1321 ዓ.ም. ላይ ይውላል። በዓፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ እኛም በዓለ ትስብእትን ስናከብር፣ እዚያ የመሠረት ድንጋይ ይጣል ነበር ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

መሐንዲሶቹ ቤሬንጌር ዴ ሞንታጉትና ራሞን ዴስፑች ነበሩ። በዚያ ዘመን ታላላቅ ቤተ ክርስቲያናት መቶና ሁለት መቶ ዓመት ሲፈጁ፣ ይህች እ.ኤ.አ. በ1383 ጣሪያዋ ተደፈነ። ሃምሳ አራት ዓመት ብቻ! ከዳር እስከ ዳር አንድ ሐሳብ የሚነበብባትም ለዚህ ነው። ከውጭ ስትታይ ጌጥ ያልበዛበት ግድግዳ ናት። በፈረንሳይ እንደምናያቸው ክንፍ መሰል ድጋፎች የሏትም፤ ድጋፎቿ ወደ ውስጥ ገብተው በመካከላቸው ትንንሽ ጸሎት ቤቶችን አቅፈዋል። ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ግን ትንፋሽ ይቆማል። ስምንት ማዕዘን ያላቸው ቀጫጭን ዓምዶች አንዱ ከሌላው ወደ 13 ሜትር ተራርቀው ቆመዋል። የጎኖቹ ክፍሎች ቁመት ከመካከለኛው ብዙም አያንስም። ስለዚህ ከኋላ የቆመችው ምስኪን ሴትም ከፊት እንደተቀመጠው ባለጸጋ መንበሩን ታያለች። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

መከራም አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1428 የመሬት መንቀጥቀጥ የፊት ለፊቱን ክብ መስኮት አፈረሰው፤ ከሥሩ የነበሩ ምእመናንም ሞቱ። መስኮቱ በዚያው ክፍለ ዘመን እንደገና ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ተቃጠለች፤ እሳቱ ለ11 ቀናት አልበረደም። ምስሎቹ፣ መዛግብቱና በኋላ ዘመን የተጨመረው ያሸበረቀ መንበር ዐመድ ሆኑ። ለጠፋው አዝናለሁ። ዓምዶቹና ቅስቶቹ ግን ጸኑ፤ ያ ግዙፍ መንበርም ተመልሶ ስላልተተከለ፣ ዛሬ የሚታየው ተሸካሚዎቹ ያመጡት ድንጋይ ራሱ ነው።

ከመካከላችሁ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቢኖር አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱን የነሐስ ሰዎች እጅ ይንሳልኝ።

አመሰግናለሁ።