«ምናልባት» ስንት ኪሎ ይመዝናል?

ክብርት ሊቀመንበር፣ የማኅበራችን መሥራቾችና አባላት፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አመሻችሁ።

ተፈጥሮን ስለማይጎዳ ጉዞ አሥራ አምስት ደቂቃ እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። ርእሱ ሰፊ ነው። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስለ ሻንጣ ብቻ ልናገር ነው። የምታውቁኝ ከወዲሁ ስትስቁ ይታየኛል። አዎ፣ ሻንጣውን ታቅፎ ደረጃ ላይ የቀረው ሰውዬ እኔ ነኝ። እናንተ እያሳመራችሁ ስታወሩት ስንት ዓመታችሁ፤ ዛሬስ ባለቤቱ ይናገረው።

ያን የአሥራ ሁለት ቀን ጉዞ አትረሱትም። የተፈቀደልን 23 ኪሎ ነበር፤ እኔም አንዲት ኪሎ ብትጎድል የተዘረፍኩ ያህል ስለሚሰማኝ ሞልቼው መጣሁ። ኤርፖርት ላይ ሚዛኑ 23 ሲል እንደ ጎበዝ ተማሪ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ባቡር ጣቢያ ደረስን። ሊፍቱ ተበላሽቷል። እናንተ ቦርሳችሁን አንጠልጥላችሁ ሽቅብ ወጣችሁ። እኔ በሦስተኛው እርከን ላይ አረፍኩ፤ በሰባተኛው ላይ የሻንጣው ጎማ ተነቀለና እየነጠረ ወደ ታች ወረደ። አንድ ሕፃን አንስቶ ሲሰጠኝ አመስግኜ ኪሴ ከተትኩት፤ ምን አደርገዋለሁ ብዬ እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ባቡሩ እናንተን ይዞ ሄደ። እኔና ሻንጣዬ ታክሲ ተከራየን። አራት ሰው የሚይዝ መኪና አንድ ሰውና አንድ ሻንጣ ጭኖ፣ ባቡሩ በሄደበት መንገድ ባቡሩን እየተከተለ ሄደ።

ስመለስ ንዴቴ አልበረደም ነበርና ሻንጣውን ፈትቼ በሚዛን አስቀመጥኩት። ባዶው ሻንጣ ራሱ 4 ኪሎ። በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ የተጠቀምኩበት ዕቃ 7 ኪሎ። እጄ ያልነካው 12 ኪሎ! ምናልባት ግብዣ ቢኖር ያልኩት የቆዳ ጫማ። ምናልባት ልብሴ ቢጨማደድ ያልኩት ካውያ። ምናልባት ቢበርድ ያልኩት ሹራብ፣ ያውም በበጋ። ምናልባት ጊዜ ባገኝ ያልኳቸው አራት መጻሕፍት፤ ከአንዱ አሥራ አንድ ገጽ አንብቤያለሁ። ወገኖቼ፣ እኔ ከአገር አገር ይዤ የዞርኩት 12 ኪሎ «ምናልባት» ነው።

ይህ ለምን የአካባቢ ጉዳይ ይሆናል? አውሮፕላን ክብደቱ ሲጨምር ክንፉ የበለጠ የማንሻ ኃይል ማመንጨት አለበት፤ የማንሻው ኃይል ሲጨምር ደግሞ አየሩ ወደ ኋላ የሚጎትተው ጉተታ ይጨምራል፤ ያን ለማሸነፍ ሞተሩ ነዳጅ ያቃጥላል። ነዳጁም ራሱ ክብደት ስለሆነ፣ ሩቅ ለሚሄድ አውሮፕላን ነዳጅ ለመሸከም ነዳጅ ያስፈልጋል። በግርድፉ፣ የተጨመረን ክብደት ይዞ ለመብረር በየሰዓቱ የዚያን ክብደት 3 በመቶ ያህል ነዳጅ ይቃጠላል። አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል ደግሞ 3.16 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ካርቦኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሃድ ነው ከነዳጁ የሚበልጠው።

እንግዲህ እኔ 5 ኪሎ ብቀንስ በአሥር ሰዓት በረራ የማተርፈው አንድ ኪሎ ተኩል ነዳጅ ነው። «ይቺ ናት እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ይቺ ናት። ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ሰምተን አድገናል አይደል? አውሮፕላን ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ሁላችንም ጌጥ ነው ብለን ሎሚያችንን ይዘን እንገባለን፤ ሸክሙን የሚቀበለው ግን አንዱ አውሮፕላን ነው። ሦስት መቶ ተሳፋሪ አምስት አምስት ኪሎ ቢቀንስ አንድ ቶን ተኩል ማለት ነው፤ 1,500 ኪሎ! በዚያው የአሥር ሰዓት በረራ 450 ኪሎ ነዳጅ ይተርፋል፤ ወደ 1.4 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይወጣ ይቀራል። ለአንድ በረራ ብቻ።

የሒሳብ ሰው የሆነው ወንድማችን እዚያ ጥግ ራሱን ሲነቀንቅ አየዋለሁ። ልክ ነው፤ ከሻንጣው ይልቅ በረራው ራሱ እጅግ ይበልጣል። ሦስቴ ከመብረር አንዴ በርሮ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት፣ ባቡር ባለበት በባቡር መሄድ ይቀድማል። አልከራከርም። ግን ደረጃው ላይ ምን እንደሆንኩ አትርሱ! ከባቡሩ ያስቀረኝ ሻንጣው ነው። ከበድ ያለ ዕቃ የያዘ ሰው አውቶቡስ አይጋፋም፣ አንድ ፌርማታ በእግሩ አይሄድም፤ ታክሲ ይጠራል፣ ትልቅ መኪና ይከራያል። ቀላል ቦርሳ ያዙ ስላችሁ ስለ ነዳጁ ብቻ አይደለም፤ በእግር የመሄድ ነፃነታችሁን ስለሚመልስላችሁም ነው።

በነገራችን ላይ ጎማ ያለው ሻንጣ ጥንት የነበረ እንዳይመስላችሁ። በርናርድ ሳዶው የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ሰው ጨረቃን ከረገጠ በኋላ ማለት ነው። ዛሬ የምንጎትተውን ባለ እጀታ ቀጥ ያለውን ዓይነት ደግሞ ሮበርት ፕላዝ የሚባል አብራሪ በ1987 ሠራው። ከዚያ በፊት ሰው ሻንጣውን በክንዱ ይሸከም ስለነበር ለእያንዳንዱ ሹራብ ክንዱን ያማክር ነበር። አሁን የምናማክረው ወለሉን ነው፤ ወለል ደግሞ ሲከብደው አይናገርም።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ። ሊቀመንበሯ ይቅር ይበሉኝ።

ስትገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ቦርሳዎች አይታችኋል። በየዓመቱ እንደምናደርገው ለእያንዳንዱ አባል አንድ፦ ኩባያ፣ ቲሸርት፣ ጃንጥላ፣ ወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ መጽሔት። ባለፈው ዓመት የደረሰኝን መዝኜዋለሁ፤ ሁለት ኪሎ ከሩብ። ግማሾቻችን እዚህ በአውሮፕላን መጥተናል፤ በአውሮፕላን እንመለሳለን። ስለ ተፈጥሮ ልንነጋገር ተሰብስበን ለእንግዳው ሁሉ ሁለት ኪሎ ተጨማሪ ሸክም አስታቅፈን እንሸኛለን! ቤታችሁ ያለውን ኩባያ ቁጠሩት። የማኅበራችን አርማ ያለበት ስድስት ኩባያ አለኝ፤ ብቻዬን ነው የምኖረው! ቲሸርቱን የሚለብሰው አለ? እጁን ያውጣ። አያችሁ? ማንም የማይለብሰውን ጥጥ ለማብቀል ውኃ ፈሷል፣ ለማቅለም ውኃ ተበክሏል። ስጦታ ማክበር ነው ትሉኛላችሁ፤ ተቀባዩ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ጥሎት ሲሄድ ግን ማን ተከበረ? አስተናጋጇ ትመስክር፤ ከጉባኤያችን ማግስት ጠዋት የምትሰበስበውን እሷ ታውቀዋለች።

ሰዓቴ እያለቀ ስለሆነ የቀረውን ልሩጥበት። ትናንሾቹን የሆቴል ሻምፖ ጠርሙሶች ተዉአቸው፤ ደረቅ ሳሙና ከቤት ያዙ፣ አይፈስም፣ በብዙ ኤርፖርቶች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ እንዳይገባ የሚከለክለውም ሕግ አይመለከተውም። ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ያዙና ማታ እጠቡት። አንድ ቻርጀር ለሁለት ሰው ይበቃል። ቀለል እናድርግ ብላችሁ ደግሞ እዚያ ስትደርሱ ገዝታችሁ የምትጥሉት ከሆነ ከቤታችሁ ይዛችሁት ኑ፤ ይሻላል።

ጥያቄዬ አንድ ነው፤ በመጪው ዓመት ያ ጠረጴዛ ባዶ ይሁን። ለእሱ የተመደበው ገንዘብ ራቅ ካለ ቦታ በባቡር ለሚመጣ አባል የትኬት ድጋፍ ይዋል። ድምፅ ይሰጥበት፤ ቃለ ጉባኤ ላይም በስሜ ይመዝገብ። የዘንድሮው ቦርሳዬ በሩ ጋ አለ፤ የሚፈልግ ይውሰደው። እኔ የያዝኩት ይኸው በትከሻዬ ያለው ነው፤ ባቡሬም ከአርባ ደቂቃ በኋላ ይነሳል።

አመሰግናለሁ።