ሃራልድ ሃርድራዳ፦ ጥሩሩን መርከብ ላይ ትቶ የሞተው የቫይኪንግ ንጉሥ

[ካርታ፦ ሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክና አካባቢዋ]

በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 25 ቀን 1066 ነው። ፀሐዩ ይፋጃል። የኖርዌይ ወታደሮች ስታምፎርድ ብሪጅ ወደሚባል ቦታ እየሄዱ ነው። ጋሻና ጦር ይዘዋል። ከባዱን የብረት ጥሩር ግን ሙቀቱን ፈርተው መርከብ ላይ ትተውታል። ደግሞስ ማንን ይፈራሉ? ከአምስት ቀን በፊት ፉልፎርድ ላይ አሸንፈዋል። ዮርክም እጇን ሰጥታለች። ዛሬ የሚጠብቁት የከተማዋን ሰዎች በመያዣነት መረከብ ብቻ ነው።

መሪያቸው ንጉሥ ሃራልድ ሃርድራዳ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ገደማ ሲሆን አብዛኛውን ያሳለፈው በጦር ሜዳ ነው።

[ካርታ፦ ከኖርዌይ ወደ ኪየቭ፣ ከዚያ ቁስጥንጥንያ]

በ1030 ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ በስቲክለስታድ ጦርነት ከወንድሙ፣ ከቀድሞው የኖርዌይ ንጉሥ ከኦላፍ ጎን ቆመ። ኦላፍ ተገደለ፣ እሱ ቆስሎ አመለጠ። ኪየቭ ደርሶ ለልዑል ያሮስላቭ አገለገለ። ቀጥሎ ቁስጥንጥንያ ሄደና የቢዛንታይን (የምሥራቅ ሮም) ንጉሠ ነገሥት ከሰሜን ሰዎች ባደራጀው የክብር ዘብ ገባ። ዘብ ይባል እንጂ ሥራው ቤተ መንግሥት መጠበቅ ብቻ አልነበረም። በሲሲሊና በቡልጋሪያ ዘምቷል፣ ሀብትም አከማችቷል።

ወደ አገሩ ለመመለስ ፈቃድ ሲጠይቅ ተከለከለ፤ በድብቅ ጠፋ። ይህን የጻፈው በዚያው ዘመን የነበረ የቢዛንታይን ሰው ነው። የአይስላንድ ተራኪዎች ደግሞ አመላለጡን እንዲህ ያወሩታል። የከተማዋ ወደብ በብረት ሰንሰለት ተዘግቷል። ሃራልድ ሰዎቹን ከነጓዛቸው ወደ መርከቡ ኋላ ሰበሰባቸው። የፊቱ ጫፍ ተነሥቶ ሰንሰለቱ ላይ ሲወጣ ሁሉም ወደ ፊት ሮጡ። መርከቡ ተንሸራቶ ወዲያ ማዶ ወረደ። ሁለተኛው መርከብ ግን እዚያው ለሁለት ተሰበረ። እኔ ታሪኩን እወደዋለሁ፤ ሰውየው ምን ያህል ብልሃተኛ ተብሎ ይታሰብ እንደነበር ያሳያል።

የያሮስላቭን ልጅ ኤሊሳቤጥን አግብቶ ተመለሰ። በ1046 ከወንድሙ ልጅ ከማግነስ ጋር ዙፋን ተካፈለ፤ በዓመቱ ማግነስ ሲሞት ብቻውን ነገሠ። ከዴንማርክ ጋር እስከ 1064 ተዋጋ። ግብር አንከፍልም ያሉ የራሱን ገበሬዎች ቤት ሳይቀር አቃጥሏል። ጀግንነቱ ሲወራ ይሄም መነገር አለበት።

[ካርታ፦ የሰሜን ባሕር፣ 1066]

በ1066 መጀመሪያ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ልጅ ሳይተካ ሞተ። ሃሮልድ ጎድዊንሰን ነገሠ። የሃሮልድ ስደተኛ ወንድም ቶስቲግ ከኖርዌዩ ንጉሥ ጋር ወገነ። ሃራልድም 300 ገደማ መርከብ ይዞ ባሕሩን ተሻገረ።

እና ያቺ ሞቃት ቀን። ከሩቅ አቧራ ታየ። ሃሮልድ ከደቡብ በጥቂት ቀናት ገስግሶ ደርሷል። አንድ ኖርዌያዊ ድልድዩ ላይ ብቻውን ቆሞ እንግሊዞቹን አገዳቸው ይባላል፤ በመጨረሻ ከድልድዩ ሥር በጦር ወግተው ጣሉት። ከዚያ ጥሩር በሌለው ሠራዊት ላይ ወረዱበት። ሃራልድ ጉሮሮው ላይ ቀስት ተመትቶ ሞተ። ቶስቲግም ወደቀ።

ብዙዎች ትዕቢት ገደለው ይላሉ። እኔ ግን አይመስለኝም። ድሉ ቶሎ መጣና ቅኝት ማድረግን አስረሳው።

የተረፉትን ለመመለስ 24 መርከብ በቃ። ከሦስት ቀን በኋላ የእንግሊዝን ዙፋን የሚፈልገው የኖርማንዲው መስፍን ዊሊያም በደቡብ እንግሊዝ አረፈ። ሃሮልድ የደከመ ሠራዊቱን ይዞ ወደ ደቡብ ሮጠ፣ ኦክቶበር 14 ሄስቲንግስ ላይ ተገደለ። የሃራልድ ልጅ ኦላፍ ግን በምሕረት አገሩ ገብቶ ኖርዌይን እስከ 1093 በሰላም ገዛ።