ለኤልክ አደን የምመርጠው ፍላጻ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ ብቻዬን ላወራችሁ የፈለግሁት፣ እዚህ በኮሎራዶ ተራሮች ኤልክን በቀስት ለማደን የሚወጣ ሰው ምን ዓይነት ፍላጻ ሊይዝ እንደሚገባው ነው። የቀስት አደኑ ወቅት ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም 20 ገደማ ስለሚዘልቅ፣ ለእኛ እንቁጣጣሽም መስቀልም እዚያው መካከል ይውላሉ፤ ዝግጅቱ ግን ክረምቱን ሙሉ የሚሠራ ሥራ ነው።

ኤልክ ከአጋዘን ወገን ሲሆን የደረሰው ወንድ 300 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ፍላጻ የሚገድለው ስለቱ ሳንባንና የደም ሥሮችን ቆርጦ ደም በማፍሰስ ስለሆነ፣ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ቆዳውንና የጎድን አጥንቱን አልፎ በሌላው ጎን መውጣት ይችል እንደሆነ ነው። በሁለት በኩል የተበሳ እንስሳ ብዙ ደም ስለሚያፈስ፣ ጥቅጥቅ ባለው ጫካ ውስጥ ዱካውን መከተል ይቀላል፤ ቆስሎ ጠፍቶ የሚቀር እንስሳን ማሰብ ደግሞ እጅግ ይከብደኛል።

ብዙ ሰው የሚሳበው በፍጥነት ነው። ነገር ግን ስሌቱን እንመልከት፤ አንድ ጠንካራ ቀስት 400 ግሬይን፣ ማለትም 26 ግራም ገደማ የሚመዝን ፍላጻ በሴኮንድ 87 ሜትር ቢያስወነጭፍ፣ 500 ግሬይን የሚመዝነውን ወደ 79 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይልከዋል። የሁለቱ ኃይል ተቀራራቢ ነው፤ ክብደት በፍጥነት ተባዝቶ የሚገኘው ሞመንተም ግን በከባዱ ፍላጻ ከመቶ 13 ያህል ይበልጣል፣ ሥጋና አጥንት ውስጥ ገብቶ ጉዞውን ለመቀጠል የሚያግዘውም ይኸው ነው። በአፍሪካ ትልልቅ እንስሳት ላይ ለዓመታት ምርምር ያደረጉት ዶክተር ኤድ አሽቢ፣ ከባድ አጥንት ለመስበር 650 ግሬይን ገደማ እንደሚያስፈልግ ጽፈዋል። እጅግ የማከብረው ሥራ ቢሆንም፣ እንደዚያ የከበደ ፍላጻ ቶሎ ስለሚወርድ፣ ርቀቱን በጥቂት ሜትር የሳተ አዳኝ ሳንባውን እንዲስት ያደርገዋል፤ ስለዚህ ለኤልክ ከ475 እስከ 525 ግሬይን ያለው መካከለኛ ክብደት ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ከክብደቱም በላይ የሚያሳስበኝ ቀጥ ብሎ መብረሩ ነው። ዘንጉ የሚጎብጥበት ልክ ስፓይን ይባላል፤ ዘንጉ በ28 ኢንች በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ተጋድሞ መካከሉ ላይ 880 ግራም ሲንጠለጠልበት የሚጎብጠው በኢንች ሺኛ ይለካል። ስለዚህ 300 የተባለው ዘንግ 340 ከተባለው ይልቅ ግትር ነው። ከፊት የሚጨመር ክብደት ዘንጉ በሚወነጨፍበት ጊዜ ይበልጥ እንዲጎብጥ ስለሚያደርገው፣ የ100 ግሬይን ጫፍ አውልቆ የ150 የሚያስር ሰው ዘንጉን እንዳለ ቢተወው ፍላጻው እየተወዛወዘ ይሄዳል። ተወዛውዞ የሚመታ ፍላጻ ወደ ውስጥ ሊገፋው የሚገባውን ኃይል በጎን ያባክናል፤ ክብደቱም አያድነውም። ይህንን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ፣ ላባ የሌለውንና ላባ ያለውን ፍላጻ በአንድ ዒላማ ላይ ተኩሶ የት የት እንደወደቁ ማስተያየት ነው።

ስለ ጫፉ፣ የኮሎራዶ ሕግ ስፋቱ ቢያንስ ሰባት ስምንተኛ ኢንች እንዲሆንና ቢያንስ ሁለት የብረት ስለት እንዲኖረው ያዛል። ሲመታ የሚከፈተው ዓይነት ሰፊ ቁስል ያበጃል፤ ሆኖም ለመከፈት ከፍላጻው ኃይል ይወስዳል። ኤልክ ትከሻው አጠገብ ሲመታ ያ ኃይል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እኔ የማይታጠፈውን፣ በእጅ ሊሳል የሚችለውን እመርጣለሁ።

ለዘንድሮ ያዘጋጀሁት 300 ስፓይን ያለው ቀጭን የካርቦን ዘንግ ሲሆን፣ ከ150 ግሬይን ጫፍ ጋር በድምሩ 500 ግሬይን ገደማ ይመዝናል። ባለሁለት ስለት ይሁን ባለሦስት ገና አልወሰንሁም፤ ሁለቱንም ከ35 ሜትር እየተኮስሁ፣ ከልምምዱ ጫፍ ጋር አንድ ቦታ የሚያርፈውን እይዛለሁ።