አርጎኑን የያዘው ብረት 1.2 ሚሊ ሜትር ነው፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅት ስለ ዱን ሙከራ አውርተን ነበር። ላመለጣችሁ ባጭሩ፦ ኢሊኖይ ካለው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ከፌርሚላብ የሚለቀቅ የኒውትሪኖ (ቁስን ሳይነካ ሰንጥቆ የሚያልፍ ጥቃቅን ቅንጣት) ጨረር መሬቱን ሰንጥቆ 1,300 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መድረሻው ሳውዝ ዳኮታ፣ ሊድ ከተማ፣ ሆምስቴክ የሚባለው የድሮ የወርቅ ማዕድን ነው። እዚያ፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ኒውትሪኖዎቹን ለመለየት ፈሳሽ አርጎን የሚሞላባቸው ታንከሮች እንዲቆሙ ታቅዷል። አንዱ ብቻ 17,000 ቶን ያህል ይይዛል። ስልኩ የበዛውም ስለ ታንከሩ ነው።

ከአዳማ፣ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ፦ አርጎን ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 186 ዲግሪ ላይ ነው ብለሃል። እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ብረት ይሰብራል ተብለን ነው የተማርነው። ታዲያ ብረቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ቢወፍር ነው የሚችለው?

ወንድሜ፣ ሴንቲ ሜትሩን እርሳው። 1.2 ሚሊ ሜትር ነው።

የተማርከው ልክ ነው። ተራው የግንባታ ብረት እዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ትንሽ ሲነካ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አርጎኑን የሚነካው ስቴንለስ ስቲል ነው፤ ውስጡ ያለው ኒኬል ቀዝቅዞም እንዲተጣጠፍ ያደርገዋል። ግን ስቴንለስም ይኮማተራል። የቆርቆሮ ጣሪያ አመሻሽ ላይ "ጧ" ሲል ሰምተህ የለ? ያ በጥቂት ዲግሪ ልዩነት የሚመጣ ነው። እዚህ ልዩነቱ 200 ዲግሪ ያልፋል። ታንከሩ ውስጡ 62 ሜትር ይረዝማል፤ ስቴንለሱ በሜትር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይሰበሰባል። አባዛው፤ 18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣልሃል። ዝርግ ላሜራ በይደህ ዳር ዳሩን ብታስረው ብየዳውን ይገነጥለዋል።

መላው የተገኘው ከመርከብ ነው። ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ የሚጭኑ መርከቦች ይህን ችግር ቀድመው ፈትተውታል፤ ቴክኖሎጂው የፈረንሳዩ ጂቲቲ ኩባንያ ነው። ላሜራው በቁመትም በወርድም ሽንሽን አለው። ሲቀዘቅዝ ሽንሽኑ ይከፈታል፣ ሲሞቅ ይመለሳል። ብየዳው አይጎተትም።

ክብደቱን ማን ቻለው ትለኛለህ። ከላሜራው ጀርባ 80 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር የፖሊዩረቴን ፎም አለ። ሙቀት ይከለክላል፤ ጭነቱንም ተቀብሎ ወደ ውጭ ያሳልፋል። ከፎሙ ውጭ ደግሞ ከወፋፍራም የብረት ቋሚና አግዳሚ የተገጣጠመ ሳጥን አለ። አርጎን ከውሃ 1.4 እጥፍ ይከብዳል። ከፍታው 14 ሜትር ሲደርስ ወለሉ ላይ በካሬ ሜትር 19 ቶን ያህል ያርፋል። ይህን የሚችለው የውጩ ሳጥን ነው። የቀጭኑ ላሜራ ሥራ አለማፍሰስ ብቻ ነው። እኔን የሚማርከኝ ይሄ ክፍፍል ነው፦ የሚሸከመው ብረት አይቀዘቅዝም፣ የሚቀዘቅዘው አይሸከምም። ላሜራው ምናልባት ቢያፈስ ተብሎም ፎሙ መሀል ሌላ ስስ መከላከያ ተዘርግቷል፤ በፋይበር ግላስ ጨርቅ መሀል የገባ የአሉሚኒየም ቅጠል ነው።

ከዳላስ፣ የከባድ መኪና ሹፌር፦ ይሄ ሁሉ ቶን በምን ይገባል? ቦቴው እስከ ታች ይወርዳል እንዴ? ኮንትራት ካለም ጠቁመን።

ኮንትራቱ እኔ ጋ የለም እንጂ ሥራስ አለ። አንድ ቦቴ 20 ቶን ይጭናል ብንል ለአንድ ታንከር 850 ምልልስ ነው። ቦቴው ግን ላይ ይቀራል። ፈሳሹን በቧንቧ ቁልቁል ብትለቀው የ1.5 ኪሎ ሜትር ዓምድ ሆኖ ከታች በ200 የከባቢ አየር ግፊት ይጫናል። ስለዚህ እላይ ወደ ጋዝ ይቀየራል፣ ጋዙ በቧንቧ ይወርዳል፣ ታች በናይትሮጅን ቀዝቅዞ ዳግም ፈሳሽ ይሆናል። ድርብ ልፋት ነው፤ አማራጩ ግን የባሰ ነው።

ከሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ አንዲት እናት፦ እኔ እዚሁ ነው ያለሁት። ቢፈነዳስ? መርዝስ አይደለም?

እናቴ፣ አርጎን አይነድም፣ አይመርዝም። አሁን ከሚተነፍሱት አየር ውስጥ እንኳ 1 በመቶ የሚጠጋው እሱ ነው። ሊድ ደግሞ ከእርስዎ በግዛቱ ሌላኛው ጫፍ ነው። መጠንቀቅ ያለባቸው ታች የሚሠሩት ናቸው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲተን ከ800 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል፣ ሽታ የለውም። ኦክስጅኑን ገፍቶ ሰውን ሳያስበው ይጥለዋል። ለዚህ ነው የኦክስጅን መለኪያና የአየር ማናፈሻ ግድ የሚሆነው።

ከጎንደር፣ የፊዚክስ መምህርት፦ ከመሙላታቸው በፊት አየሩን በቫክዩም መምጠጥ አይሻልም?

ይሻል ነበር መምህርት፣ ግን ያ ስስ ላሜራ ወደ ውስጥ መሳብን አይችልም። ስለዚህ የአርጎን ጋዝ ከሥር ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ከባድ ስለሆነ አየሩን ከበታች ሆኖ ይገፋና በላይ ያስወጣዋል። በፌርሚላብ አነስ ባሉ ታንከሮች ተሞክሮ ሠርቷል። የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሆነው ሰርን ውስጥም 770 ቶን ያህል የሚይዝ መሞከሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 በዚሁ ዓይነት ታንከር ሥራ ጀምሯል።

ለእኔ ከቅዝቃዜው የሚብሰው ንጽሕናው ነው። ኒውትሪኖ ከአርጎን ጋር ሲጋጭ የሚወጣው ቅንጣት አርጎኑን ሲያቋርጥ ኤሌክትሮኖች ያስፈነጥራል። እነሱ በኤሌክትሪክ መስክ እየተሳቡ፣ በመጀመሪያው ንድፍ እስከ 3.5 ሜትር ተጉዘው መለኪያው ላይ መድረስ አለባቸው። ኦክስጅን መንገድ ላይ ካገኛቸው ይይዛቸዋል፤ መረጃውም ይጠፋል። ስለዚህ ከ10 ቢሊዮን አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል እንኳ በዛ ይባላል። አርጎኑ በመዳብ ማጣሪያ ውስጥ ሲዞር ይኖራል።

ከአዲስ አበባ፦ መብራት ቢጠፋስ?

የኛ ሰው! ማቀዝቀዣው ቢቆም አርጎኑ ወዲያው አይፈላም። በፎሙ በኩል የሚገባው ሙቀት በቀን የሚያተነው ከጠቅላላው ከ1 በመቶ እጅግ ያነሰ ነው። ችግሩ ግፊቱ ነው። ታንከሩ ከውጩ አየር ጥቂት ከፍ ባለ ግፊት ነው የሚሠራው፤ ቀዳዳ ቢኖር እንኳ አርጎን ይወጣል እንጂ አየር እንዳይገባ ነው። ጋዙ ሲጠራቀም ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ ቫልቮቹ ራሳቸው ተከፍተው ያስተነፍሱታል። መብራት አይጠይቁም።