የጣርማበር ታኮ

የተከበራችሁ የደብረ ሲና አባቶችና እናቶች፣ በተለይም ከፊት የተቀመጣችሁ የቀድሞ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ይህ በእጄ የያዝኩት እንጨት ታኮ ነው፤ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚገባው። ከወይራ የተጠረበ ነው። አንደኛው ጎኑ ጎማ ሲፈጭበት ኖሮ ጠቁሮ ለስልሷል። ጫፉ ላይ በጋለ ብረት የተበሳች ቀዳዳ አለች፤ ገመድ የሚገባባት እሷ ናት። አባቴ ይህን ታኮ ይዞ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተመላልሷል። ሾፌር አልነበረም፤ ረዳት ነበር። ስለዚህ መንገድ እንድናገር ስትጋብዙኝ ይዤው የምመጣው ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማበር ስም ሲነሳ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያወራው ስለ ዋሻው ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ተራራው ተሰንጥቆ 600 ሜትር ገደማ የሚሆን ዋሻ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሠርቷል። እስከ ዛሬም የሙሶሎኒ ዋሻ የሚለው ሰው አለ። ይህ ስም ያሳዝነኛል። ተራራውን ቆፍረው ካወጡት እጆች ብዙዎቹ የአገሬው ሰው እጆች ነበሩና።

ደግሞም መንገዱ ከዋሻው ይቀድማል። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚያደርሰው የመኪና መንገድ ወረራው ሳይመጣ በፊት ተከፍቶ ነበር። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ተነስቶ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ተሽከርካሪ አስከትሎ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ የተጠቀመው በዚሁ መንገድ ነው። ያንን ሁሉ መኪና አግዶ ያቆመው ጣርማበር ነበር። ወገኖቻችን ገደሉ ላይ መንገዱን ቆርጠውት ስለነበር፣ ወታደሩ ከመኪናው ወርዶ ድንጋይ ሲደለድል ሰነበተ። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለዚያ ጉዞ ሲማሩ፣ የቆመበት ቦታ እዚህ ከራሳቸው ላይ መሆኑን ቢነገራቸው እወዳለሁ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንገዱ ለዓመታት ተጎሳቁሎ ቆየ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ ወዲህ ነው የአገሪቱ ዋና ዋና መንገዶች ጥገና ደህና መልክ የያዘው። ጣሊያን ሄደ፤ ቃሉ ግን በሾፌሮቻችን አፍ ቀረ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባልስትራ፣ ጎማ፣ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ታኮም እንደዚሁ። ረዳት የሚለው ቃል ግን የራሳችን ነው፤ ሥራውም የራሳችን ነበር።

ሥራውን ላላየ ልናገር። አውቶቡሱ ያኔ ንጋት ላይ ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ይነሳ ነበር። ደብረ ብርሃን እስኪደርስ 130 ኪሎ ሜትር ሜዳ ለሜዳ ነው፤ ብርድ እንጂ ሌላ ችግር የለውም። ጣርማበር ላይ ምድር በድንገት ያልቃል። ከዚያ ጀምሮ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት እስኪገባ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከነበረበት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ታች ሲደርስ በሸሚዝ ይቀራል። ይህን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና መጨረሻው አያምርም። ፍሬን ሲግል አይዝም፤ የፍሬኑ ሸራ ይሸታል፣ ይጨሳል፣ ከዚያ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ለዚህ ነው የዚህ መንገድ ሾፌሮች “በወጣህበት ማርሽ ውረድ” የሚሉት። ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ የለቀቀ ሰው ስንት ቤት እንዳዘጋ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

አባቴ የሚቆመው በሩ ላይ ነው። ሽቅብ ሲሆን ሞተሩ ተጨንቆ አውቶቡሱ ሊቆም ሲል፣ ከመቆሙ በፊት ዘሎ ወርዶ ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ያስገባል። ለማሰብ ጊዜ የለውም። ጎማው ታኮው ላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ እንቅልፉ ውስጥ ይሰማው ነበር። ራዲያተሩ ሲፈላ ጀሪካን ይዞ ምንጭ ይፈልጋል። ጣሪያው ላይ ካለው የዕቃ መጫኛ፣ ከፖርቶመጋላው ላይ ወጥቶ በግና ማዳበሪያ ከረጢት ያስራል። ጉም ሲወርድ ደግሞ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከአውቶቡሱ ፊት ፊት በእግሩ ይሄዳል፤ ሾፌሩ መስመር የሚይዘው በአባቴ ጀርባ ነው። ከኋላው ሞተር እያጉረመረመ፣ ከጎኑ ገደል፣ ፊቱ ላይ ምንም የማይታይ ጉም። አንድ ጊዜ “አልፈራህም?” ብዬ ጠይቄው “ሾፌሩ ያየኛል ብዬ ነዋ” አለኝ።

በ1965 ዓ.ም. ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ተመድቦ ነበር። የዚያን ጊዜ የወሎ ገበሬ አውራ ጎዳናው ዳር ተሰልፎ መኪናና አውቶቡስ እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። አባቴ ስለዚያ ዓመት ብዙ አያወራም ነበር። ከደብረ ሲና ሁልጊዜ ቆሎ ይገዛ እንደነበር፣ ያን ጊዜ ግን በከረጢት እየገዛ ይሄድ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። በመስኮት የተዘረጋ እጅ ላይ ቆሎ ሲያፈስ አንዲት ሴት የእሷን ትታ የልጇን እጅ ከፍ አድርጋ እንደያዘችለት ነገረኝ። ከዚያ በላይ አልጨመረም። መንግሥት ረሃቡን ደብቆ በነበረበት ወቅት፣ እነዚያ ረዳቶችና ሾፌሮች በየቀኑ እያዩት ይመላለሱ ነበር።

ዛሬ ለደሴ የሚሳፈር ሰው ላምበረት መናኸሪያ ሄዶ ምቹ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ደስ ይለኛል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የዋሻው ርዝመት ተለክቷል፣ የድልድዩ ዘመን ተመዝግቧል። የትኛው ኩርባ ላይ ስንተኛ ማርሽ እንደሚገባ፣ የትኛው ምንጭ በጋ እንደማይደርቅ፣ ጉም ሲመጣ ከየትኛው ሸንተረር እንደሚጀምር የተጻፈበት ወረቀት ግን የለም። ያለው እዚህ ፊት ለፊቴ በተቀመጡት አባቶች ልብ ውስጥ ነው። አባቴን ሳልቀዳው ነው የሞተብኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱን በሁለትና በሦስት ወሬ ነው የማውቀው፤ ለእናንተ የነገርኳችሁም ያንኑ ነው።

ስለዚህ መቅረጸ ድምፅ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለት የመሰናዶ ተማሪዎች ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። ታኮውን እዚህ አስቀምጠዋለሁ። በዕድሜ የሚበልጡን ይቅደሙ። አባባ፣ እርስዎ፣ ባለ ነጭ ጥምጥሙ፣ ወንበሩ ይኸው። ከዋሻው አፍ ይጀምሩልን።